ጾመኛው ጠመንጃ

አንድ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ዘይት በነካው ጨርቅ ይወለውላል። ጎረቤት ግብዣ ተጠርተዋል፤ ሚስቱ ጓዳ ገብታ ትለብሳለች። «አንቺ፣ ሰው በልቶ ሊነሣ ነው እኮ!» ይላታል። «ደረስኩ፣ ደረስኩ» ትለዋለች። አትደርስም። ባሎች፣ ይህን ጥበቃ ታውቁታላችሁ፤ አትሳቁ።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ይህ ሰው ምን አጠፋ? ጠጥቶ ነው? አልጠጣም። ተጣልቶ ነው? ከማንም ጋር አልተጣላም። ጠመንጃው የሰረቀው ነው? ፈቃድ አውጥቶበታል። ታዲያ ምን አጠፋ?

ጨርቁን አስቀምጦ ጠመንጃውን ምስማሩ ላይ ሊሰቅል ሲነሣ ለሆነው ነገር እስከ ዛሬ የሚያለቅሱ ሰዎች አሉ። ታገሡኝ፣ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ድምፄም ደክሟል። በዚህ ዓመት ከማሕሌት ይልቅ ፍትሐት በዝቶብኛል፤ እናንተም አብራችሁኝ ስለቆማችሁ ታውቁታላችሁ።

ሰውየውን ሽባባው እንበለው። ሚስቱን እናኑ እንበላት።

ሽባባው ጥንቁቅ ሰው ነበር። ማሳው ከጫካው አጠገብ ስለሆነ ከርከሮ ያስቸግረዋል፤ ጠመንጃውን የያዘው ለዚያ ነው እንጂ ለፉከራ አይደለም። ከማሳ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በሩ ላይ ይቆማል። ጠመንጃውን ይከፍታል፣ ጥይቱን ያወጣል፣ ጣቱን ሰዶ ባዶ መሆኑን ይዳስሳል። ጥይቱ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉ እናኑ መቀነት ላይ ይታሰራል።

መንደሩ ይስቅበት ነበር። «የሽባባው ጠመንጃ ጾመኛ ነው፤ ፋሲካም አያስፈታው» ይሉታል። እሱም ይስቅና «ይጹም፣ ለነፍሱ ነው» ይላቸዋል።

ልብ በሉ፣ ስለ ግድየለሽ ሰው አይደለም የምነግራችሁ። የግድየለሹንማ ታሪክ እናንተው ታውቁታላችሁ፤ እሱን ለመስማት ቤተ ክርስቲያን ድረስ መምጣት አያስፈልጋችሁም።

ሽባባው በአንድ የጭቃ ግድግዳ የሚዋሰነው ጎረቤት ነበረው፤ አለኸኝ ይባላል። እሳት ተጫጭረው፣ በደጉም በክፉውም ተጠራርተው የኖሩ ሰዎች ናቸው። እነ ሽባባው ልጅ አልወለዱም። የአለኸኝ ልጅ አዝመራ ግን ገና መዳህ ስትጀምር ጀምሮ እነሱ ቤት ነበረች። ምሳዋን እናቷ ቤት ትበላለች፤ ከዚያ መጥታ እናኑ ቤት ደግሞ ምሳ ትበላለች። ቤቷ ስትሆን ደግሞ በግድግዳው በኩል «እማ እናኑ፣ ዛሬ ምን ሠራሽ?» ብላ ትጮኻለች። ያ ግድግዳ ድምፅ አይከለክልም ነበር።

አዝመራ አደገች፤ ባል መጣላት። አገራችሁን ታውቁታላችሁ። ሙሽራ ስትወጣ ያልተተኮሰበት ቤት ስም ይወጣለታል። «ምነው፣ ለቅሶ ነበር እንዴ?» ይላሉ። ለቅሶም ላይ እኮ ይተኮሳል! መቼ ይሆን ግን ዝም የምንለው?

አለኸኝ ጠመንጃ የለውም። አንድ ጠዋት ጋቢውን አጣፍቶ ሽባባው ቤት መጣ።

«አያ ሽባባው፣ ለሰርጉ ቀን ጠመንጃህን አውሰኝ» አለው።

ሽባባው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። «ሌላ ነገር ጠይቀኝ። በሬ ልስጥህ። ድንኳኑን እኔ እተክላለሁ፤ እንጨቱንም እኔ እፈልጣለሁ።»

«በሬ ይተኮሳል እንዴ?»

«አለኸኝ፣ ይሄ እኮ የሚዋሱት ዕቃ አይደለም።»

«እሺ፣ በቃ» አለ አለኸኝ። ፊቱ ጥቁርቁር አለ። «ያው የኔ ልጅ ናት። ያንተ አይደለችም።»

አያችሁ? ያቺን ቃል ወረወራት። ልጅ የሌለው ሰው ላይ፣ ያሳደጋትን ልጅ ስም ጠርቶ። ሽባባው ምን ይበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እናኑም ከጓዳ «ኧረ ስጠው አንተ ሰውዬ! ልጃችንን እኮ ነው የምንድረው» አለች። ተነሣ። ጠመንጃውን አወረደ። አለኸኝ እያየው ከፈተው፤ ጣቱን ሰዶ ዳሰሰው።

«ባዶውን ነው የሰጠሁህ» አለው። «አይተሃል፣ ባዶውን።»

«ይህን ጾመኛ ዘንድሮ ባላስገድፈው!» ብሎ አለኸኝ እየሳቀ ወጣ።

ሰርጉ ተደገሰ። ጥይት ከዘመድ ተገኘ፤ ተተኮሰ፤ እልል ተባለ። ማንም አልተጎዳም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባለና ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። እሱ ሲጠብቀን እኛ ያወቅንበት ይመስለናል።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከሰርጉ በኋላ አለኸኝ ጠመንጃውን ሊመልስ አነሣና ሊወጣ ሲል ቆም አለ። ባዶ ነው። ባዶውን ሊመልሰው ነው? እስቲ እናንተ እናቶች ንገሩኝ። ጎረቤት በሳህን ወጥ ብትልክላችሁ ሳህኑን ባዶውን ትመልሳላችሁ? አትመልሱም። ምንም ቢጠፋ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ አንድ እፍኝ ቆሎ ጣል ታደርጉበታላችሁ። አለኸኝንም እናቱ ያሳደገችው እንደዚያው ነው። ከሰርጉ የተረፈች አንዲት ጥይት ኪሱ ውስጥ ነበረች። አወጣት። ጠመንጃውን ከፈተ፣ አስገባት፣ ዘጋው። ደስ አለው። ክፋት አለበት? ቅንጣት ክፋት የለበትም። ምስጋናው ናት።

«ታዲያ ሲመልስለት ለምን አልነገረውም?» ትሉኛላችሁ። እናንተ ትናገራላችሁ? ሳህኑን ስትመልሱ «ሽንኩርት ጨምሬበታለሁ፣ እይልኝ» ትላላችሁ? ነውር ነው። ሰውየው ብቻውን ሲሆን ከፍቶ ያገኛታል፤ ይደሰታል። አለኸኝ ያሰበው ይህንን ነው።

ሽባባውስ? ያ በር ላይ ቆሞ የሚዳስስ ሰው፣ ያን ቀን ለምን አልዳሰሰም? እጁ እኮ ሄዳ ነበር! ሊከፍተው እጁን ሰደደ። አለኸኝ ግን ፊት ለፊቱ ቆሟል። ሰው የተዋሰውን ሲመልስ ፊቱ ላይ ዕቃውን ማገላበጥ «አላመንኩህም» ማለት አይደለም? እጁን ሰበሰበ። ሲሄድ አየዋለሁ አለ በልቡ። አለኸኝ ግን አልሄደም። ተቀመጠ። የሰርጉ ወሬ ተነሣ፤ ጠላ ቀረበ፤ ማን እንዴት እንደጨፈረ እያወሩ ተሳሳቁ። ጠመንጃውን አለኸኝ ራሱ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። ሽባባውም ረሳው። ለምን አይረሳ? ጾመኛ ነዋ!

ሁለት ጨዋ ሰዎች። አንዱ ላለማሳፈር ዝም አለ፣ ሌላውም ላለማሳፈር ዝም አለ። «ጥይት አለበት?» የምትል ጥያቄ ነበረች፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ሊጠይቃት ይችል ነበር። የጠየቃት የለም።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ እንመለስ። የመልሱ ቀን ነው። ሙሽሮቹ አለኸኝ ቤት መጥተዋል፤ ከግድግዳው ወዲያ ከበሮ ይመታል። ሽባባው ሚስቱን እየጠበቀ፣ የሰርጉ ባሩድ እንዳያዝገው ብሎ ጠመንጃውን ላይ ላዩን ይወለውላል። ያን ጊዜ አዝመራ እንደ ልጅነቷ በግድግዳው በኩል ጮኸች።

«እማ እናኑ! ኧረ ኑ እንጂ! እናንተ ሳትመጡ ዳቦው አይቆረስም!»

«መጣን፣ መጣን የኔ ልጅ!» አለ ሽባባው። ተቻኮለ። ተነሣ። ባዶ ጠመንጃ ሲሰቅል ሁልጊዜ ሞላው እንዲያርፍ ቃታውን ሳብ ያደርጋል፤ ይህ የቆየ ልማዱ ነው። ያን ቀንም ውስጡን ሳያይ፣ አፈሙዙ ወደ ግድግዳው እንደዞረ ሳብ አደረገው።

ከበሮው ቆመ።

አዝመራ ጤና ጣቢያ ሳትደርስ አረፈች። ሌላውን አልተርክላችሁም። አቅሙም የለኝም።

ሽባባው በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄደና «ልጄን ገደልኩ» አለ። «ጥይቱ ከየት መጣ?» ሲሉት «አላውቅም» አለ። እናኑ ሳጥኑን ከፍታ አሳየች፤ ጥይቶቹ እንደተቆለፉ ናቸው። ይህ ደግሞ «ሌላ ጥይት ደብቆ ኖሯል» አሰኝቶ ነገሩን አባሰው። ወሬው ተነሣ። «ለካ ጾመኛ ነው የሚለው ለማስመሰል ኖሯል» አለ አንዱ። «ቂም ቢኖረው ነው እንጂ፣ እንዴት ልክ ሙሽራዋ በተቀመጠችበት በኩል?» አለ ሌላው። ትናንት በጥንቃቄው ሲስቁበት የነበሩ ሰዎች እኮ ናቸው። ለወሬ ማን ብሎን!

ጥይቷ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም የሟች አባት ሆኖ፣ ራሱን ይዞ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል።

ከቀብር መልስ እዚያ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። የሙሽራው ወገኖች ከሩቅ መጥተዋል፤ ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የእናኑ በር ከድንኳኑ አጠገብ ነው፤ ተዘግቷል። የሽባባው ታናሽ ወንድም ብቻዋን አልተዋትም ብሎ አብሯት ገብቷል። ያሳደገቻትን ልጅ ለቅሶ መድረስ አልቻለችም፤ ልቅሶዋ ብቻ በግድግዳው በኩል ይሰማል።

የሙሽራው ታላቅ ወንድም ቢያድግ ብድግ አለ። «ገዳዩ ታሰረ ብለን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም» አለ። «ወንድሙ እዚያ ቤት ውስጥ አለ። ደማችንን ሳንመልስ አንሄድም።» ከጎኑ ያለው ሰው ጠመንጃውን አቀባበለ። ያን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌዎቹ «ኧረ በእግዚአብሔር!» አሉ፤ ማን ይስማቸው። እኔም መስቀሌን ይዤ ቆምኩ፤ ማን ይየኝ።

ያን ጊዜ አለኸኝ ቀና አለ። ይህን አስቡ፣ ወገኖቼ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ዝም ቢል አባት ነው፣ ተበዳይ ነው፣ ሁሉም ያዝንለታል። ቢናገር ያ ሁሉ ጠመንጃ ወደ እሱ ሊዞር ይችላል። ሚስቱም እዚያው ተቀምጣለች፤ የልጇን ሞት ከማን እንደምትቆጥረው ልትሰማ ነው።

«ቢያድግ፣ ቁጭ በል» አለ። «ጥይቷን ያስገባኋት እኔ ነኝ።»

ቢያድግ ወደ አለኸኝ ዞረ።

«ምን አልክ?»

«ሽባባው ባዶውን ነው የሰጠኝ። ከፍቶ አሳይቶኛል። እኔ ባዶውን መመለስ ከበደኝ። ከሰርጉ የተረፈችውን አስገባሁለት።»

«ታዲያ አትነግረውም ነበር?»

«ስጦታ ይነገራል እንዴ፣ ልጄ?» አለ አለኸኝ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ይነገራል እንዴ?» ወደ እኔም ዞረ። «አባ፣ ይነገራል እንዴ?»

 

ከዚያ አለኸኝ ተነሥቶ ቢያድግ ፊት ሄዶ ቆመ። «ጠመንጃህን ክፈተው፤ ልየው» አለው። ቢያድግ ወዲያ ወዲህ አየ። አለኸኝ እጁን ዘርግቶ ጠበቀው። ያ ቅድም ደም ደም ሲል የነበረ ጎልማሳ ከፈተው። የነበረበትን ጥይት አወጣ፤ አለኸኝ ተቀበለውና ጋቢው ጫፍ ላይ ያዘው። ወደሚቀጥለው ሄደ። «ክፈተው፤ ልየው።» ወደሚቀጥለው። «ክፈተው፤ ልየው።»

ለቅሶ ቤት እኮ ነው! ሴቶች አሉ፤ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጉልበት ላይ ተኝተዋል። ባዶ የሆነ ጠመንጃ ግን አንድም አልተገኘም። አንድ ሽማግሌ «የኔ የለበትም፣ በማርያም!» ብለው ማሉ። ተከፈተ። ነበረበት። ሰውየው አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

አለኸኝ ጋቢውን ቋጥሮ ወጣና የእናኑን በር አንኳኳ። «እናኑ፣ ክፈቺ፣ እኔ ነኝ። ነይ፣ ልጅሽን አልቅሺላት» አላት። እጇን ይዞ አስገባትና ከሚስቱ አጠገብ አስቀመጣት። የአለኸኝ ሚስት ለረጅም ጊዜ አላየቻትም። ኋላ ግን ነጠላዋን ዘርግታ አለበሰቻት። በዚያ ቀን ከዚያ መንደር ሌላ ሬሳ አልወጣም።

ሽባባው ቅጣቱን ተቀብሎ፣ ፈጽሞ ወጣ። አለኸኝም ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ያደረገውን ተናገረ። «ታርቀዋል ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ታርቀዋል። ዛሬም ጎረቤታሞች ናቸው። የሰርግ ወሬ ሲነሣ ግን ሁለቱም ከተቀመጡበት ተነሥተው ይሄዳሉ።

ወገኖቼ፣ ጥምቀት ሊደርስ ነው። ከዚያ የሰርጉ ወር ነው። ማን ልጅ እንደሚድር አውቃለሁ፤ ማን ጠመንጃ ሊዋስ ማን ቤት እንደሚሄድም ሳልሰማ አልቀረሁም። ሰው ሁሉ ለቄስ የሚነግረው ኃጢአቱን ብቻ ይመስላችኋል? ድግሱንም ይነግረናል።

ጠመንጃችሁን ወንዝ ጣሉት አልላችሁም። ብላችሁም አትጥሉትም። ከርከሮ አለ፣ ሌባ አለ፣ ስጋት አለ። ፈቃድ ያወጣችሁ አላችሁ። ያላወጣችሁም አላችሁ፤ ምን እኔን ታዩኛላችሁ፣ ራሳችሁን እዩ እንጂ።

ግን ልጠይቃችሁ። ሞባይላችሁን ትቆልፉታላችሁ፤ ሚስታችሁ እንኳ አትከፍተውም። ጠመንጃውን ለምንድን ነው ማንም እጁን ዘርግቶ በሚያወርደው ምስማር ላይ የምትሰቅሉት? ጥይቱን ቆልፉበት። አልሰጥም፣ አላውስም ማለት ልመዱ። የጠየቃችሁ ሰው ይቀየም፤ ከቂም ሰው ይድናል። እናንተ ሚስቶች ደግሞ ከጓዳ «ኧረ ስጠው» አትበሉ። እናኑ ያቺን ቃል ስንት ጊዜ መልሳ ልትውጣት እንደፈለገች እኔ አውቃለሁ።

ባዶ ነው አትበሉኝ። ማን ነገራችሁ? ትናንት ያያችሁት ነው? ትናንትና ዛሬ መካከል የማን እጅ ነካው? የሽባባው ጠመንጃም ባዶ ነበር እኮ። ከአፋችሁ ሳይሆን ከጣታችሁ ስሙ። ዳስሱት። የአባታችሁ ፊት ቢሆን ዳስሱት። የሚዜው ፊት ቢሆን ዳስሱት። የንስሐ አባታችሁ ይዞት ቢመጣም ዳስሱት።

ይሉኝታችን መልካም ነው፤ እኔ አልነቅፈውም። በሳህን ላይ ይቆይልን። ሽንኩርቱንም ቆሎውንም ሳትናገሩ ጨምሩ፤ እግዚአብሔር ያያል። ጠመንጃ ላይ ግን ይሉኝታ አይሠራም። ጠይቁ፤ ጮክ ብላችሁ ጠይቁ። «ጥይት አለበት?» በሉ። ብታፍሩም በሉ።

ሰርጉ ያለ ተኩስ ይደርቃል የምትሉኝ፣ እልልታችሁ የት ሄደ? ከበሮው የት ሄደ? አዝመራ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው ያንን ከበሮ ነው። እሱ አይበቃም?

ቅድም ስገባ ከቅጥሩ ውጪ፣ ወይራው ሥር የተደገፉትን ጠመንጃዎች አይቻለሁ። ሕፃናት በዙሪያው ይጫወታሉ። ዛሬ ስትወጡ እዚያ ወይራ ሥር ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። አንዳችሁም ሳትሳለሙኝ አታልፉም፤ ስትሳለሙኝ ደግሞ እኔ እንደ አለኸኝ «ክፈተው፤ ልየው» እላችኋለሁ። የሚቀየመኝ ይቀየመኝ። ቂሙን እችለዋለሁ። መቅበር ግን ታከተኝ።

በሉ ተነሡ፣ እንጸልይ። ጠመንጃ ያላችሁ ቀድማችሁ ውጡ።